ነጥብ መቁጠር ያቆምኩበት ቅዳሜ

ጠረጴዛ ቴኒስ የጀመርኩት አርባ ዓመቴን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሐኪም ነው የገፋፋኝ። ግፊትህ ከፍ ብሏል፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው የምትውለው፣ ላብ የሚያወጣህ ነገር ፈልግ አለኝ። እግር ኳስ ለጉልበቴ አይሆንም። ጂም ገብቼ ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ሰለቸኝ። ከሥራ ስመለስ ግን እዚህ ጅማ፣ መንደራ አካባቢ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ልጆች ጠረጴዛ ከበው ሲጫወቱ ሁልጊዜ አያለሁ። ያ ቶክ ቶክ የሚለው ድምፅ ይስበኛል። አንድ ቀን ባጃጅ መሳፈሩን ትቼ ቆሜ አየኋቸው። በማግስቱ ተራ ያዝኩ።

ይህን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ያለፉትን ሁለት ዓመታት ሌላ ሰው እንዳይደግማቸው ብዬ ነው። ጨዋታውን ከልቤ ወድጄው ነበር። ሆኖም ትከሻዬን ጎዳሁ፣ ምንም ያላደረገኝን ልጅ አስቀየምኩ፣ በመጨረሻም ራኬቴን ቁም ሳጥን አናት ላይ ወርውሬ ተውኩት። ወደ ጨዋታው የመለሰኝ ቅዳሜ ጠዋት እየተሰበሰበ፣ መሃል ላይ ቡና እየጠጣ የሚለማመድ የዘጠኝ ሰው ቡድን ነው።

መጀመሪያ ስህተቶቼን ልንገራችሁ።

የሰፈር ጠረጴዛ ላይ ደንቡ አንድ ነው፦ ያሸነፈ ይቆማል፣ የተሸነፈ ከፍሎ ይወጣል። ገንዘቡ ትንሽ ነው፣ እሱ አልጎዳኝም። የጎዳኝ ሃያ ደቂቃ ተራ ጠብቄ አምስት ደቂቃ ሳልጫወት መውጣቴ ነው። ያቺን አምስት ደቂቃ ለማራዘም ስል አዲስ ነገር መሞከር ፈራሁ። ባክሃንዴ፣ በእጄ ጀርባ በኩል የምመታው ምት፣ ደካማ ስለነበር ወደ ግራ ጥግ ተጠግቼ ሁሉንም ኳስ በፎርሃንድ፣ በመዳፌ በኩል፣ ለመምታት እሮጥ ነበር። እንዲህ አድርጌ ሁለት ዓመት ሙሉ ድክመቴን ሸፈንኩት እንጂ አላስተካከልኩትም። ተራ እየጠበቁ፣ ለማሸነፍ ብቻ እየተጫወቱ መሻሻል በጣም ከባድ ነው። ጨዋታ ያላችሁን ያስጨርሳችኋል፣ የሌላችሁን ግን አይሰጣችሁም።

ሁለተኛው ስህተቴ ስልኬ ነው። ማታ ማታ የቻይናዊውን ማ ሎንግ ቪዲዮ እያየሁ ፎርሃንዱን ለመቅዳት እሞክር ነበር። ማ ሎንግ እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ፣ በ2021 ደግሞ በቶኪዮ ኦሎምፒክ በነጠላ ወርቅ የወሰደ ሰው ነው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቀን ስንት ሰዓት እንደተለማመደ አስቡት። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የሒሳብ መዝገብ ላይ ጎንበስ ብዬ ውዬ፣ ሳልሟሟቅ፣ የሱን ምት በእጄ ብቻ ልደግመው እሞክራለሁ። ቪዲዮው እጁን ያሳየኛል። የጉልበቱን መታጠፍና የወገቡን መዞር ያኔ አላየሁትም፣ ማየት እንዳለብኝም የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ አወጣሁ። አዲስ አበባ የሚመላለስ ወዳጄን ልኬ ለጀማሪ የማይሆን በጣም ፈጣን ራኬት አስመጣሁ። ፊቱ ላይ ፈጣን ጎማ የተለጠፈበት ራኬት ትንሿን ስህተት ትልቅ ያደርጋታል። ኳሱ ከጠረጴዛ ውጭ ይበርራል፣ እኔ ደግሞ በብስጭት የበለጠ እመታለሁ። ጀማሪ ከሆናችሁ ዝግ ያለ፣ ኳሱ የሚታዘዝላችሁ ራኬት ይበቃችኋል።

በሁለተኛው ዓመት ክረምት ላይ ቀኝ ትከሻዬ ያመኝ ጀመር። መጀመሪያ ሸሚዝ ስለብስ፣ ቀጥሎ ማታ በጎኔ ስተኛ። ዝም ብዬ ተጫወትኩ። ይህን አታድርጉ። ከጨዋታ በኋላ የሚሰማ ድካምና እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም አንድ አይደሉም።

በዚያው ሰሞን ነው ያ ነገር የተፈጠረው። አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ቀጭን ልጅ፣ ተራው ደርሶት ከፊቴ ቆመ። ሰርቪሱን፣ ጨዋታ የሚከፈትበትን ምት፣ ሲልክ ኳሷ ቀስ ብላ ትመጣለች፤ እኔ ስነካት ግን መረብ ሥር ትወድቃለች። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሰው ከቦናል። ትከሻዬ ያመኛል። በስድስተኛው ላይ “ታጭበረብራለህ!” ብዬ ጮህኩበት፤ ራኬቱንም ጠረጴዛው ላይ ወረወርኩት፣ ጠርዙ ተሰነጠቀ። ልጁ የተሰነጠቀውን ራኬት አንስቶ በሁለት እጁ ሰጠኝና “ጋሼ፣ ይቅርታ” አለኝ። ምንም ሳያጠፋ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያ መንገድ ማለፍ አቃተኝ፣ ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ወደ አራት ወር ራኬት አልያዝኩም።

ጎረቤቴ ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሃምሳዎቹን የያዙ ሴት። አንድ ቀን ዝናብ አላስወጣ ብሎን እሳቸው ቤት ቡና ላይ ተቀምጠን ነበር። ጅማ ክረምቱ ረጅም አይደል፣ ዝናቡ ሲጀምር ሁለተኛውም ሦስተኛውም ሲኒ ይጠጣል። ትከሻዬን ስነካካ አይተው ምን ሆንክ አሉኝ፣ ነገርኳቸው። “ታዲያ ቅዳሜ ከኔ ጋር ለምን አትመጣም?” አሉ። እሳቸው ጠረጴዛ ቴኒስ እንደሚጫወቱ በፍጹም አላውቅም ነበር። “እኛ ዘንድ ማንም ማንንም አያሸንፍም፣ አትፍራ” አሉኝ።

ከመሄዴ በፊት ፊዚዮቴራፒ ታየሁ። ለስድስት ሳምንት እጄን ከትከሻዬ በላይ አንስቼ እንዳልመታ ተነገረኝ፣ በላስቲክ የሚሠራ እንቅስቃሴም ተሰጠኝ። ላስቲኩን በየቀኑ ሠርቻለሁ፣ ዛሬም አልተውኩትም። ቅዳሜ ለስላሳ ልምምድ ማድረግ ግን ይቻላል ተባልኩ።

ቦታው ሁለት ጠረጴዛ ያለው ያረጀ አዳራሽ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። አሰልጣኙ ጡረታ የወጡ የስፖርት መምህር ናቸው። ሁላችንም ቲቸር ነው የምንላቸው። አንዱን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በአማርኛ እያናገሩ በሁለቱ ጠረጴዛዎች መካከል ይመላለሳሉ። ጠንክረን ስንመታ ግን ለሁላችንም የሚሉት አንድ ቃል ነው፦ “ሱታ!” ቀስ በል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ቀን ከጎረቤቴ ጋር አቆሙኝና “ነጥብ የለም። ሁለታችሁ አብራችሁ ኳሷን ሳትጥሉ ሃያ ድረስ ቁጠሩ” አሉን። ቀላል መስሎኝ ነበር። አራት ላይ ጣልኳት። ደግመን ሦስት። ደግመን ስድስት። ሁልጊዜ የምጥላት እኔ ነኝ፣ ምክንያቱም እጄ መግደል እንጂ መስጠት አልለመደም። ቲቸር ጠጋ ብለው “እዚያ ማዶ ያሉት ጠላትህ አይደሉም። እሳቸው በምቾት እንዲመልሱልህ አድርገህ ስጣቸው” አሉኝ። በግማሽ ጉልበቴ መምታት ጀመርኩ። በዚያው ጠዋት ሠላሳ አንድ ደረስን። በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ኳስ ተከታትሎ ነክቼ አላውቅም ነበር። ትከሻዬም አልታመመም።

እስከ ዛሬ ሥራችን የሚጀምረው በዚህ ቆጠራ ነው። ራሳችሁን ማሻሻል ከፈለጋችሁ ከሁሉም በፊት ይህን ያዙ። ለብቻችሁ ልትቆጥሩት አትችሉም፣ አጋር ያስፈልጋል። አጋራችሁም ከእናንተ የተሻለ መሆን የለበትም፣ የተረጋጋ ይሁን እንጂ።

ሁለተኛው ነገር ማየት ነው። በአንድ ጠረጴዛ ሦስት ሰው ይመደባል፣ ሁለቱ ይጫወታሉ፣ ሦስተኛው ጎን ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ያያል። ዛሬ እግር ከተባለ እግር ብቻ። ሲጨርሱ ያየውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራል፣ ምክር አይጨምርም። የመጀመሪያ ተራዬ ላይ የማየው ባንክ የሚሠራ ወጣት ነበር። ጉልበቱን ገትሮ ተረከዙ ላይ ነው የሚቆመው፣ ኳሱ ራቅ ብሎ ሲመጣ እግሩን ሳያንቀሳቅስ እጁን ብቻ ይዘረጋል። እጁ ተዘርግቶ ሲመታ ትከሻው ወደ ላይ ይሰቀላል። እያየሁት የራሴ ትከሻ ጠዘጠዘኝ። ችግሬ ይኸው ነበር፤ ሰው ሺህ ጊዜ ቢነግረኝ እንደዚያ አይገባኝም ነበር። ከዚያ በኋላ እግሬን ከትከሻዬ ትንሽ ሰፋ አድርጌ፣ ጉልበቴን ለቀቅ፣ ክብደቴን ወደ ጣቶቼ አድርጌ መቆም ተማርኩ። ክርኔ ከጎኔ አይርቅም፣ ምቱ ከወገብ ይነሳል። መጀመሪያ እግር ይሄዳል፣ እጅ ይከተላል።

ሦስተኛው የሳፋው ልምምድ ነው። ስልሳ የሚሆኑ አሮጌ ኳሶች በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ተሞልተው ይቀመጣሉ። ቲቸር እየዘገኑ አንድ በአንድ ወደ ባክሃንዴ ብቻ ይልካሉ፤ የቀረነው እንለቅማለን። ሲሳሳቱ የሚከፈል የለም፣ የሚቆጥርም የለም። ሁለት ዓመት የደበቅኩት ባክሃንድ በሦስት ወር ውስጥ ከሰው ፊት የሚቀርብ ሆነ።

አሁን ስለ ሽክርክሪቱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ነው ተስፋ የሚቆርጠው። አንድ ቅዳሜ ያን ልጅና መረብ ሥር የምትወድቀውን ኳስ ለቲቸር ነገርኳቸው። ስለ ጩኸቴ ግን አፍሬ አልነገርኳቸውም። ምንም ሳይሉ አንድ ኳስ አነሱና ግማሿን በሰማያዊ እስክሪብቶ ቀቡ። ጠረጴዛው አጠገብ ቆመው ራኬቱን ከሥሯ ፈግ አድርገው ወደኔ ላኳት። ስትመጣ ነጩና ሰማያዊው ተቀላቅለው እንደ ጭስ ሆኑ። እኔ ጋ ያለው ጠረጴዛ ላይ አንዴ ነጠረች። ሁለተኛ ስትነጥር ቆም አለችና ወደ መረቡ መመለስ ጀመረች። ማንም ሳይነካት፣ ወደ መጣችበት! አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ኳሷ ወደፊት እየሄደች ወደ ኋላ ትሽከረከራለች። ቀጥ ባለ ራኬት ስትነኳት ሽክርክሪቷ ጎማውን ይዞ ወደ ታች ይወረውራታል፣ መረብ ትገባለች። ልጁ ያደረገው ይህንኑ ነው። ማጭበርበር አይደለም፣ ችሎታ ነው። መፍትሔው የራኬቱን ፊት ትንሽ ወደ ላይ ከፈት አድርጎ ከሥሯ ቀስ ብሎ ወደፊት መግፋት ነው። ቲቸር ሲኒ የተደረደረበት ትሪ ወደ እንግዳ ስታስጠጋ እንደምታደርገው አሉኝ። ከትሪው ቡናው እንዳይፈስ አድርጌ ገፋሁ፣ ኳሷም ተሻገረች። ወደፊት የምትሽከረከር ኳስ ስትመጣ ደግሞ ግልባጩ ነው፣ ራኬቱ ትንሽ ወደ ታች ያጎነብሳል። በእስክሪብቶ የተቀባች ኳስ ምንም አታስወጣም፤ ዛሬውኑ ሞክሯት።

በዚያው ቀን ስለ ሰርቪስ ሕጉን ነገሩን። ኳሷ በተከፈተ መዳፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ቢያንስ 16 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ትወረወራለች፣ ስትወርድ ትመታለች። በሰውነትም በእጅም ከተቃራኒው መሸፈን አይቻልም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ከጨበጥኩበት እጄ ላይ ሳልወረውር ነበር የምመታው። ሕግ ሲጥስ የነበረው ልጁ ሳይሆን እኔ ነበርኩ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ቡድን ማቋቋም ለምትፈልጉ ያየሁትን ላካፍል። ለሁለት ጠረጴዛ ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበለጠ እንደ ሰፈሩ ጠረጴዛ ተራ ጥበቃ ይሆናል። የሚያርመው አንድ ሰው ይሁን፤ ሁሉም አሰልጣኝ ሲሆን ጀማሪው ግራ ይጋባል። እኛ ለአዳራሹና ለኳስ በየወሩ እኩል እናዋጣለን፣ ያጣ ሲኖር ሌላው ዝም ብሎ ይሸፍንለታል። ጠረጴዛ በአናጢ የምታሠሩ ከሆነ ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፦ ርዝመቱ 2.74 ሜትር፣ ወርዱ 1.525 ሜትር፣ ከመሬት ከፍታው 76 ሳንቲ ሜትር ነው። መረቡ 15.25 ሳንቲ ሜትር ይቆማል። አጠር ብሎ የተሠራ ጠረጴዛ ላይ የለመደ ሰው ትክክለኛው ላይ ሲቆም ኳሱ ይጠፋበታል፣ እኔ ላይ ደርሷል። በእኛ አገር ዝናብ ደግሞ ደጅ የሚያድር የእንጨት ጠረጴዛ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ያበጠበት ቦታ ላይ ኳስ አይነጥርም። የራኬት ጎማም እርጥበት ሲይዘው ያንሸራትታል፤ በየመሃሉ በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉት፣ ስትጨርሱ ሸፍኑት።

ሰውነትን ማሟሟቂያ አሥር ደቂቃ ምንም ቢሆን አትዝለሉ። አርባ ዓመት ካለፋችሁ አሥራ አምስት አድርጉት።

ቡናው መሃል ላይ ይሁን። ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። ልምምድ ካለቀ በኋላ ከሆነ ሰው ስለ ሌላ ነገር አውርቶ ይበተናል። መሃል ላይ ሲሆን ግን ሁሉም “እኔ ዛሬ ይህ አቃተኝ” ብሎ ያወራል፣ ሌላው እኔም ይላል፣ ከዚያ ተነስተን ያንኑ እንሞክራለን። ከቡና በፊት ያልሆነልኝ ብዙ ነገር ከቡና በኋላ ሆኖልኛል። ጎረቤቴ ጀበናውን ይዘውት ይመጣሉ፣ ቁርሱን በየተራ እናመጣለን።

ጨዋታ ፈጽሞ የለም ማለቴ አይደለም። የመጨረሻው ሩብ ሰዓት የጨዋታ ነው፣ እስከ 11፣ ሰርቪስ ሁለት ሁለት። ከመካከላችን አንድ አዛውንት ግን እስከ 21 ካልሆነ ጨዋታ አይመስላቸውም፣ እ.ኤ.አ. እስከ 2001 ሕጉ እሱ ነበርና። ከሳቸው ጋር ስንጫወት እስከ 21 እንጫወታለን፣ ሰርቪስም አምስት አምስት።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሊብስባችሁ ይችላል። እኔ የቆየውን አመታቴን ትቼ አዲሱን ሳልይዝ፣ የማሸንፋቸው ሰዎች ሁሉ ሲያሸንፉኝ ነበር። ተውኩት ልል ስል ቲቸር “ቤት ሲታደስ መጀመሪያ ይፈርሳል” አሉኝና ቆየሁ። ወደ አምስተኛው ወር ላይ ሳላስበው እግሬ ቀድሞኝ መሄድ ጀመረ። ግፊቴም ወርዷል። መድኃኒቴን ግን አላቆምኩም፣ እናንተም ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳታቆሙ።

ከዚያ በኋላ ወደ መንደራ ሄድኩ። ሦስት ቀን ተመላልሼ ነው ልጁን ያገኘሁት። ሰው ባለበት ነበር የጮህኩበት፣ ስለዚህ ሰው ባለበት ይቅርታ ጠየቅኩት። አንገቱን ደፋ። “ሰርቪስህን አስተምረኝ” ስለው ግን ቀና አለ። ቅዳሜ ይዤው ሄድኩ፣ እናቱን አስፈቅጄ። ቲቸር አንዴ ሲልክ አይተውት “ይህን ማን አስተማረህ?” አሉት፣ “ማንም” አላቸው።

ባለፈው ቅዳሜ ለቆጠራው እኔና እሱ ደረሰን። ባክሃንድ ለባክሃንድ። መቶን ስናልፍ ሌሎቹ የራሳቸውን ትተው መጥተው ከበቡን። መቶ አርባ ሁለት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፣ የራሳችንን ድምፅ መስማት አቃተን። ቁጥሩ ጠፍቶብኝ እጄ ዘገየ። ልጁ ዓይኑን ከኳሷ ሳይነቅል “ጋሼ፣ እንዳያቆሙ!” ብሎ ጮኸ። ጎረቤቴ ከጎን ቆመው በጣታቸው ይቆጥሩልን ነበር።